የጥናት ግኝትን ለትምህርት ውሳኔ መጠቀም፦ ለትምህርት መሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ርዕሳነ መምህራን፣ ሱፐርቫይዘሮችና የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ጥናት አያነቡም የሚል ወቀሳ ብዙ ጊዜ ይሰማል። እኔ እንደማየው ግን ከማንበቡ ይልቅ የሚያስቸግረው የሚነበብበት ጊዜ ነው። ውሳኔው በልብ ካለቀ በኋላ ለሪፖርቱ ማጠናከሪያ የሚሆን ጥናት ይፈለጋል፤ እንዲህ የተፈለገ ጥናት ደግሞ አይጠፋም። ከዚህ በታች የቀረቡት ስምንት ደረጃዎች ይህን ቅደም ተከተል ለማስተካከል የተዘጋጁ ስለሆኑ አንዱን ዘልሎ ወደሚቀጥለው መሄድ አይገባም። በተለይ ሁለተኛውንና አምስተኛውን ደረጃ ብዙዎች ይዘልሏቸዋል፤ አብዛኛው ገንዘብና ድካም የሚባክነውም እዚያው ላይ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ዝግጅት

ሦስት ሰዎችን ይያዙ። አንደኛው የመወሰን ሥልጣን ያለው፣ ሁለተኛው ውሳኔውን ክፍል ውስጥ ገብቶ የሚፈጽም መምህር ወይም መምህርት፣ ሦስተኛው ቁጥር ማንበብ የማይከብደው ሰው ይሁን። ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ በሐሳቡ የማይስማማ ቢሆን ይመረጣል፤ ሁሉም አስቀድሞ የተስማሙበት ቡድን ጥናት ሲያነብ የሚያየው የፈለገውን ብቻ ነው።

ውሳኔው የሚያልቅበትን ቀን ከበጀትና ከትምህርት ዘመን መቁጠሪያ ላይ ወስደው ይጻፉ። ሥራው ለአንድ ውሳኔ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቢሰጠው በቂ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በጀቱ ተፈርሞ ዕቃው ከታዘዘ ጥናት ፍለጋ አይጀምሩ። በቀጥታ ወደ ደረጃ 8 ይሂዱና የተጀመረውን ሥራ በትክክል መከታተል ላይ ያተኩሩ።

ደረጃ 1፦ ችግሩን ለክተው ይጻፉ

«የንባብ ውጤት ዝቅተኛ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ምን ዓይነት ጥናት መፈለግ እንዳለብዎ አይነግርዎትም። ችግሩን ሲጽፉ እነማን እንደሆኑ፣ በየትኛው ክፍል እንዳሉ፣ ምን ማድረግ እንዳቃታቸውና ይህ በምን እንደታወቀ ይግለጹ።

ጉዳዩ ንባብ ከሆነ፣ የፈተና ማጠቃለያ ከማገላበጥዎ በፊት ግማሽ ቀን መድበው ከሦስተኛ ክፍል ሃያ ልጆችን አንድ በአንድ ያስነብቡ። በአንድ ወረቀት ላይ በመጀመሪያ ፊደላት፣ ቀጥሎ ቀላል ቃላት፣ ከዚያ በአንደኛ ክፍል ደረጃ የተጻፈ አጭር አንቀጽ፣ በመጨረሻም በሁለተኛ ክፍል ደረጃ የተጻፈ አጭር ታሪክ ያስፍሩ፤ እያንዳንዱ ልጅ የት ላይ እንደቆመ በስሙ ትይዩ ምልክት ያድርጉ። በሕንድ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የተካሄደው አሰር የተባለው የቤት ለቤት ዳሰሳ የሚጠቀመው ይህንኑ ዓይነት ቀላል መሣሪያ ነው።

ወረቀቱን ይዘው ሲቀመጡ፣ አንዲት ልጅ ጣቷን እያስኬደች ፊደሎቹን ሁሉ በትክክል ትጠራና ሦስት ፊደል ያለው ቃል ላይ ስትደርስ እያንዳንዱን ለየብቻ እየጠራች ቃሉን መግጠም ሲያቅታት ያያሉ። ከእርሷ ቀጥሎ የሚመጣው ልጅ ደግሞ ታሪኩን በአንድ ትንፋሽ ይወጣውና ምን እንዳነበበ ሲጠየቅ ዝም ይላል። ሁለቱ በጽሑፍ ፈተና ላይ ተመሳሳይ ዝቅተኛ ውጤት ሊያገኙ ይችላሉ፤ የሚያስፈልጋቸው መፍትሔ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ ስለዚህ መፈለግ ያለብዎት ጥናትም የተለያየ ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፦ ልጆቹን መምህሩ እንዲመርጥ አያድርጉ። ከስም መጥሪያው ላይ በእኩል ርቀት፣ ለምሳሌ በየአራት ስም እየዘለሉ ይምረጡ። በዕለቱ የቀሩ ልጆች ካሉ በሌላ ቀን ተመልሰው ያስነብቧቸው፤ ከትምህርት ገበታ የሚቀሩት ብዙ ጊዜ ችግሩ የባሰባቸው ናቸው።

ደረጃው ካልተሳካ፦ ሃያዎቹ ልጆች እጅግ የተለያየ ደረጃ ላይ ከተገኙ ስሕተት ሠርተናል ብለው አይጣሉት። የደረጃው መራራቅ ራሱ ችግሩ ሊሆን ስለሚችል እንደዚያው አድርገው ይመዝግቡት።

ደረጃ 2፦ ሐሳብዎን የሚያስለውጠውን ነገር አስቀድመው ይጻፉ

ማንኛውንም ጥናት ከመክፈትዎ በፊት ቢያንስ ሦስት አማራጮችን በወረቀት ላይ ያስፍሩ። አንደኛው «አሁን ባለው አሠራር መቀጠል» መሆን አለበት። ከዚያ በእያንዳንዱ አማራጭ ሥር ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ይጻፉ፦ «ይህን ካገኘን እንመርጠዋለን»፣ «ይህን ካገኘን እንተወዋለን»። ለምሳሌ፦ «የማጠናከሪያ ትምህርቱ የሚሠራው ከትምህርት ቤቱ ውጪ በሚከፈላቸው አስተማሪዎች ብቻ ከሆነ እንተወዋለን፤ በመደበኛ መምህራን ተሞክሮ ውጤት ካመጣ እንመርጠዋለን»።

ይህ ሥራ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ይፈጃል፤ ሆኖም የሚቀጥሉትን ስድስት ደረጃዎች ሁሉ የሚያጸናው እርሱ ነው። ጥናት ካነበቡ በኋላ የሚጻፍ መመዘኛ ካነበቡት ጥናት ጋር እንዲገጥም ተደርጎ ይሰፋል፤ ይህም የሚሆነው በተንኮል አይደለም፤ ሰው ስለሆንን ነው።

ደረጃው ካልተሳካ፦ ከቡድኑ አንዱ «ሐሳቤን የሚያስለውጥ ነገር የለም» ካለ፣ ወይም በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ የሚጻፍ ነገር ከጠፋ፣ ውሳኔው አስቀድሞ አልቋል ማለት ነው። ይህን በግልጽ ይናገሩ። ውሳኔው በፖለቲካ፣ በሕግ ወይም በበላይ አካል ትእዛዝ የተላለፈ ከሆነ እንደዚያው ብሎ መመዝገብ ይሻላል፤ በጥናት የተወሰነ ማስመሰል ግን አይገባም።

ደረጃ 3፦ ጥናቶችን በቅደም ተከተል ይፈልጉ

1. ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ከመዘኑ ምንጮች ይጀምሩ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው የትምህርት ድጋፍ ፋውንዴሽን በርካታ የማስተማሪያ ስልቶችን በወጪ፣ በማስረጃ ጥንካሬና በተማሪው ላይ በሚያመጡት ለውጥ ይመዝናል። በአሜሪካ የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው የማስረጃ ማጣሪያ ማዕከልም ተመሳሳይ ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ አገሮች ደግሞ ዓለም አቀፉ የትምህርት ማስረጃ አማካሪ ፓነል እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2023 ያወጣቸው ዘገባዎች ይበልጥ ይጠቅማሉ፤ ገንዘብ የሚያባክኑ አሠራሮችንም ለይተው ስለሚያስቀምጡ።

2. ቀጥሎ ከእርስዎ ጥያቄ ጋር በጣም የሚቀራረቡ ሁለት ወይም ሦስት ነጠላ ጥናቶችን በሙሉ ያንብቡ። በጥናቱ መጀመሪያ ላይ ያለው አጭር ማጠቃለያ (አብስትራክት) ብቻ አይበቃም፤ ትልቁ ጉዳይ ያለው ጥናቱ እንዴት እንደተካሄደ በሚገልጸው ክፍል ውስጥ ነው።

3. በመጨረሻ ሐሳቡ ያልሠራበትን ቦታ ሆን ብለው ይፈልጉ። አንዱን የቡድን አባል ለዚህ ብቻ ይመድቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ጥናቶች እንደሚያሳዩት» ብሎ ጥናቱን የማይጠቅስ በራሪ ወረቀት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። መሣሪያውን ወይም ሥልጠናውን የሚሸጠው አካል ራሱ ያካሄደውን ጥናትም ለብቻው ይያዙት።

ደረጃው ካልተሳካ፦ ጥናቱ በክፍያ የሚነበብ ከሆነ በአካባቢው ላለ የዩኒቨርሲቲ መምህር ይጻፉ ወይም ራሱን አጥኚውን በኢሜይል ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይልካሉ። ምንም የሚቀራረብ ጥናት ካልተገኘ ደግሞ «ማስረጃ አልተገኘም» ብለው ይጻፉና ሐሳቡን በደረጃ 8 እንደተገለጸው እንደ ሙከራ ብቻ ይያዙት።

ደረጃ 4፦ የጥናቱን ጥንካሬ ይመዝኑ

በመጀመሪያ ከማን ጋር እንደተነጻጸረ ይመልከቱ። ፕሮግራሙን ያገኙት ትምህርት ቤቶች ፈቃደኛ የሆኑት ብቻ ከነበሩ፣ የተሻለው ውጤት ከፕሮግራሙ ይሁን ከአመራራቸው ትጋት መለየት አይቻልም። ትምህርት ቤቶች ወይም ክፍሎች በዕጣ ተለይተው የተነጻጸሩበት ጥናት ከሁሉ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ የትምህርት ቤቶቹን ቁጥር ያረጋግጡ። አራት መቶ ተማሪዎች የተሳተፉበት፣ ግን በሁለት ትምህርት ቤቶች ብቻ የተካሄደ ጥናት በመሠረቱ ሁለት ትምህርት ቤቶችን ያነጻጸረ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው አንድ ጎበዝ ርዕሰ መምህር ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ የለውጡን መጠን በልኩ ያንብቡ። አብዛኞቹ ጥናቶች ለውጡን የሚገልጹት የተማሪዎች ውጤት ከአማካዩ የሚራራቅበትን መጠን በሚያሳየው መደበኛ ልይይት ነው። የትምህርት ተመራማሪው ማቲው ክራፍት እ.ኤ.አ. በ2020 ለትምህርት ባቀረበው መለኪያ መሠረት፣ በጥንቃቄ በተካሄዱ ጥናቶች ከ0.05 በታች የሆነ ለውጥ አነስተኛ፣ ከ0.05 እስከ 0.20 ያለው መካከለኛ፣ 0.20 እና ከዚያ በላይ የሆነው ከፍተኛ ነው። የ0.20 ለውጥ ከመቶ ተማሪዎች መካከል በትክክል መሐል ላይ የነበረውን ተማሪ ከታች ሲቆጠር ወደ 58ኛ ደረጃ ገደማ ያደርሰዋል። ስለዚህ «ተአምር» የሚያህል ቁጥር ሲያዩ ከመደሰትዎ በፊት ይጠራጠሩ።

አራተኛ፣ ፈተናውን ማን እንዳዘጋጀው ይጠይቁ። ፕሮግራሙን የነደፉት ሰዎች ራሳቸው ባዘጋጁት ፈተና የሚገኘው ለውጥ በገለልተኛ ፈተና ከሚገኘው የመብለጥ ዝንባሌ አለው።

ደረጃው ካልተሳካ፦ የስታቲስቲክስ ክፍሉን ማንም ካልተረዳው እንደተረዱት ሆነው አይለፉት። ከላይ ያሉትን አራት ጥያቄዎች በጽሑፍ ለሚያውቅ ሰው ይላኩና መልሱን ይጠብቁ።

ደረጃ 5፦ ከራስዎ ሁኔታ ጋር ያገናዝቡ

ጠንካራ ጥናት ይዘው የሚሳሳቱ መሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ከጠቅላላው ጊዜ ቢያንስ ሢሶውን ለዚህ ደረጃ ይመድቡ።

በአሜሪካ የቴኔሲ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1989 በ79 ትምህርት ቤቶች ወደ 11,600 የሚጠጉ ተማሪዎች የተሳተፉበት ሙከራ ተካሂዷል። ልጆቹና መምህራኑ ከ13 እስከ 17 ተማሪ ወዳላቸው አነስተኛ ክፍሎች ወይም ከ22 እስከ 25 ተማሪ ወዳላቸው መደበኛ ክፍሎች በዕጣ ተመደቡ፤ በአነስተኛ ክፍሎች የተማሩትም የተሻለ ውጤት አመጡ። ጥናቱ በደረጃ 4 መመዘኛ ሲታይ እጅግ ጠንካራ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1996 በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የተማሪውን ቁጥር ከ30 ገደማ ወደ 20 ለማውረድ ወሰነና በመላ ግዛቱ በአንድ ጊዜ ጀመረው። በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ አዳዲስ መምህራንና ክፍሎች አስፈለጉ፤ ሙሉ የማስተማር ፈቃድ የሌላቸው መምህራን ቁጥር አሻቀበ፤ ይህም የከፋው የድሆች ልጆች በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ነበር። እንደ ቴኔሲው ያለ ግልጽ ውጤትም ሊታይ አልቻለም። ከቴኔሲ የተወሰደው የተማሪው ቁጥር ብቻ ነበር፤ በቂ መምህርና በቂ ክፍል መኖሩ ግን በጥናቱ ውስጥ ሳይነገር የታለፈ ሁኔታ ነበር።

ስለዚህ የሚከተለውን በዚሁ ቅደም ተከተል ያድርጉ።

1. ሐሳቡ ከትእዛዙ ተነሥቶ ልጁ ጋር እስኪደርስ የሚያልፍባቸውን እርምጃዎች በተርታ ይጻፉ። ማን ምን ያዘጋጃል፣ ማን ይሠለጥናል፣ በቀኑ ውስጥ በየትኛው ሰዓት ይሠራል፣ ማን ይቆጣጠራል፣ ልጁስ ምን ያደርጋል?

2. በእያንዳንዱ እርምጃ ትይዩ በጥናቱ ቦታ ምን እንደነበረ ይጻፉ። ጥናቱ ዝም ካለ «አልተገለጸም» ይበሉ።

3. በሦስተኛው ረድፍ እርስዎ ዘንድ ያለውን ይጻፉ። የሚጽፉት ዛሬ ያለውን እንጂ በዕቅድ ላይ ያለውን አይሁን።

4. ሁለቱ ረድፎች በማይገጥሙበት ቦታ ሁሉ ቀይ ምልክት ያድርጉ።

የሥራ ሰዓቱና ቁጥጥሩ የሚጻፍባቸውን መስመሮች በተለየ ጥንቃቄ ይሙሉ። በሕንድ ፕራተም የተባለው ድርጅት ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው መድቦ የማስተማር ዘዴውን በተለያዩ ግዛቶች ሞክሯል። በቢሃር በመደበኛው የትምህርት ዘመን ለመንግሥት መምህራን ሥልጠናና የማስተማሪያ መሣሪያ ብቻ ሲሰጥ ለውጥ አልታየም፤ መምህራኑ ቀኑን ሙሉ ያው የመማሪያ መጽሐፉን የማስጨረስ ግዴታ ስለነበረባቸው አዲሱ ዘዴ ቦታ አላገኘም። በሃሪያና ግን ከትምህርቱ ቀን ላይ አንድ ሰዓት ለዚህ ሥራ ብቻ ተለየ፤ በዚያ ሰዓት ልጆቹ እንደ ደረጃቸው ተመደቡ፤ የመንግሥት ሱፐርቫይዘሮችም ዘዴውን ራሳቸው አስተምረው ከሞከሩት በኋላ መምህራኑን ይከታተሉ ነበር፤ የልጆቹ የቋንቋ ውጤትም ተሻሻለ። ልዩነቱን ያመጡት የተለየው ሰዓትና ሥራውን የሚያውቀው ሱፐርቫይዘር ናቸው ብዬ አምናለሁ። በዕቅድ ሰነዶቻችን ላይ በብዛት ባዶ ሆነው የሚቀሩትም እነዚሁ ሁለት መስመሮች መሆናቸው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ቋንቋውንም አይርሱ። በኬንያ የገጠር ትምህርት ቤቶች በተካሄደ ሙከራ የመማሪያ መጽሐፍ መታደሉ የጠቀመው አስቀድሞ ጎበዝ የነበሩትን ተማሪዎች ብቻ ነበር፤ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለነበር አብዛኞቹ ልጆች በቅጡ ሊያነቡት አይችሉም ነበር።

ደረጃው ካልተሳካ፦ ቀይ ምልክቱ ከበዛ ሦስት መንገዶች አሉ፦ የጎደለውን አስቀድሞ መሙላት፣ ሌላ አማራጭ መያዝ፣ ወይም ሁኔታው በተሟላባቸው ጥቂት ትምህርት ቤቶች ብቻ መጀመር። «በሂደት እናስተካክለዋለን» የሚለውን ግን አይቀበሉ፤ ካሊፎርኒያ ላይ የሆነውን ይመልከቱ።

ደረጃ 6፦ ወጪውን በገንዘብም በሰዓትም ያስሉ

ገንዘቡን የሒሳብ ክፍሉ ያሰላዋል፤ እርስዎ ሰዓቱን ያስሉ። በቀን አንድ ሰዓት የሚወስድ ሥራ በሳምንት አምስት ሰዓት፣ በ36 ሳምንት ደግሞ 180 ሰዓት ይሆናል። ይህ ሰዓት ከየትኛው ትምህርት ላይ እንደሚነሣ በስም ይጻፉ። «ከየትም አይነሣም» የሚል መልስ ካገኙ ሥራው አይሠራም ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ ይወስኑና ውሳኔውን በአንድ ገጽ ያስፍሩ

ገጹ በደረጃ 1 የተለካውን ችግር፣ በደረጃ 2 የተጻፉትን መመዘኛዎች፣ የሚደግፈውንና የሚቃወመውን ማስረጃ፣ በደረጃ 5 ቀይ የተደረጉትን ነጥቦችና ሥራው የሚቆምበትን ቀን ይያዝ። ገጹን ለስብሰባው ጮክ ብሎ የሚያነበው የሚያስተምረው የቡድን አባል ይሁን። እንዲህ ሲደረግ አይቻለሁ፤ አንዲት መምህርት «ከሰዓት በኋላ በሚኖረው ክፍለ ጊዜ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ፣ «በዚያ ሰዓት እኮ ሁለት ክፍል አንድ ላይ ነው የማስተምረው» አለች፤ ከኃላፊዎቹ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ገጹ በዚያው ዕለት ተሻሻለ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሐሳብዎ ጋር የማይስማማውን ጥናት ከገጹ ላይ አይሰርዙ። በኋላ ሌላ ሰው ሲያገኘው የሚጠፋው የቀሪው ማስረጃ ተአማኒነት ጭምር ነው።

ደረጃው ካልተሳካ፦ የበላይ አካል ከማስረጃው ጋር የሚጋጭ ትእዛዝ ከሰጠ ገጹን ከቃለ ጉባኤው ጋር ያያይዙና ሥራው በጥቂት ትምህርት ቤቶች እንዲጀመር በጽሑፍ ይጠይቁ። በጽሑፍ የቀረበ ትሕትና የተሞላበት ጥያቄ በስብሰባ ላይ ከሚደረግ ክርክር ይልቅ ብዙ ጊዜ ይሰማል።

ደረጃ 8፦ በትንሹ ጀምረው ይከታተሉ

1. ፈቃደኛና ብቁ ከሆኑት ትምህርት ቤቶች መካከል ቀድመው የሚጀምሩትን በዕጣ ይለዩ፤ የቀሩት በሚቀጥለው ዓመት ይጀምሩ። እስከዚያ ድረስ ማነጻጸሪያ ይሆናሉ።

2. በደረጃ 1 የተጠቀሙበትን መለኪያ በመጀመሪያና በመጨረሻ በሁለቱም ወገን ይጠቀሙ። መሐል ላይ ፈተናውን አይለውጡ።

3. ውጤቱን ከማየትዎ በፊት ሥራው መሠራቱን ይዩ። ሳያስታውቁ በተለያየ ቀን ሄደው ያ የተመደበው ሰዓት ላይ ምን እየተደረገ እንደሆነ ይመዝግቡ። በፔሩ ለገጠር ትምህርት ቤቶች ለእያንዳንዱ ልጅ ላፕቶፕ የማደል ፕሮግራም ከ300 በሚበልጡ ትምህርት ቤቶች ተገምግሞ ነበር። የኮምፒውተር ተደራሽነትና አጠቃቀም ጨምሯል፤ የሒሳብና የቋንቋ ውጤት ግን አልተሻሻለም። ስለዚህ «ተዳርሷል» የሚለው ሪፖርት የሚያረጋግጠው መዳረሱን ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሥራውን ባለፈው ዓመት ከሁሉ ዝቅ ያለ ውጤት ባመጡት ትምህርት ቤቶች ብቻ አይጀምሩ። በአንድ ዓመት እጅግ ዝቅ ያለ ውጤት በከፊል የአጋጣሚ ነገር ስለሚሆን፣ ምንም ባይደረግላቸውም በሚቀጥለው ዓመት በአማካይ መጠነኛ መሻሻል ያሳያሉ፤ ማነጻጸሪያ ከሌለዎት ያንን መሻሻል ፕሮግራሙ ያመጣው ይመስልዎታል።

ደረጃው ካልተሳካ፦ ለውጥ ካልታየ የጉብኝት መዝገብዎን ይክፈቱ። ሥራው በአብዛኛው ቀን ካልተሠራ ያልሠራው ሐሳቡ ሳይሆን አፈጻጸሙ ነውና መሰናክሉን አንሥተው አንድ ወሰነ ትምህርት ብቻ ይጨምሩ። በትክክል ተሠርቶም ለውጥ ካላመጣ፣ በደረጃ 7 በተጻፈው ቀን ያቁሙት።

በሁለቱም ሁኔታ የውሳኔውን ገጽ፣ የደረጃ 5 ሠንጠረዡን፣ የጉብኝት መዝገቡንና የሁለቱን ጊዜ ውጤት በአንድ ፋይል አድርገው በጽሕፈት ቤቱ ያስቀምጡ። ወደ ሌላ ቦታ በሚዛወሩበት ዕለት ከቁልፉና ከማኅተሙ ጋር ይህንንም ፋይል ለሚተካዎ ሰው አስፈርመው ያስረክቡ።